ጥቁሩን ሽቦ ፍቺለት

«ባትሪ በሥራ ብዛት አይሞትም፤ የሚሞተው ታስሮ ሲቆም ነው። መኪና ሊቆም ከሆነ ጥቁሩን ሽቦ ፍቺለት፣ ይረፍ።»

ይህን ያላት አንማው ነው፣ ባሏ። ያላትም ዱሮ ነው፤ የውብዳር ከሰባተኛ ክፍል ወጥታ ገና በሙሽርነቷ ወራት፣ እሱ የአሮጌ ፒካፑን ኮፈን ከፍቶ፣ እጁን እስከ ክርኑ ሞተር ውስጥ ከትቶ። ያኔ ሳቀችበት። «ሽቦ ደግሞ ምን ደክሞት ነው የሚያርፈው?» አለችው። እሱ አልሳቀም። «መቆሙ ነዋ የሚያደክመው። ሳታይው ጠብ ጠብ እያለ ያልቃል» አላትና አስደገማት፦ ሲፈታ ጥቁሩ ይቀድማል፣ ሲታሰር ጥቁሩ ይከተላል። ሦስት ጊዜ አስደገማት፤ እንደ ዳዊት።

እንግዲህ ልጆች ያላችሁ ልጆቻችሁን አቅፋችሁ፣ የሌላችሁም ጉልበታችሁን አቅፋችሁ ስሙ። ነገሩ የሚጀምረው ከትንሽ ነገር ነው። ከአንዲት ጉርሻ።

አንማው ሁልጊዜ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ከገበያ መልስ በሩ ላይ ይደርስና ሁለት ጊዜ ክላክስ ያደርጋል፦ ጢጥ፣ ጢጥ። ማስተዋል፣ የአራት ዓመት ልጁ፣ የትም ትሁን የትም ትሮጣለች። የቆርቆሮውን በር መወርወሪያ ታነሣለች፤ በሩ ላይ ተንጠልጥላ በሩን ትከፍታለች። መኪናው ይገባል። በሩን ትዘጋለች። ከዚያ ሁለት እጇን ዘርግታ «አስታጥቡኝ» ትላለች። በዚያ ቤት ራት የሚቀርበው ከዚያ በኋላ ነበር፤ ሌላ ሰዓት አልነበረውም።

በኅዳር መባቻ አንማው የሰው ከባድ መኪና ይዞ ሰሊጥ ሊጭን ቆላ ወረደ። የራሱን ፒካፕ ግቢ አቆመው። «ሁለት ሳምንት ነው» አለ። ለሁለት ሳምንት ብሎም ጥቁሩን ሽቦ አልፈታው። ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላ ወባ ጣለው፤ በአራተኛው ቀን ሞተ፤ መንገዱ ሩቅ ነውና እዚያው ቀበሩት። ለቤቱ የመጣው መርዶው ብቻ ነው።

በዚያች ከተማ በሹፌሮች ዘንድ ልማድ አለ። ሹፌር ሲሞት እስከ አርባው ቀን መኪናውን የሚነካው የለም። ከአርባው በኋላም የመጀመሪያው ብሎን የሚፈታው በሟቹ በራሱ መፍቻ ነው፤ በሌላ ሰው መፍቻ መፍታት ሰውየውን ሁለተኛ መቅበር ነው ይላሉ። በመርዶው በሦስተኛው ቀን የውብዳር የሽቦው ነገር ትዝ ብሏት ከፍራሹ ብድግ ብላ ነበር። የአንማው እናት፣ እማማ ይታይሽ፣ ቀሚሷን ያዙ። «የት ነው? እስከ አርባው አይነካም! ልጄን በቁሙ ልትፈቺው ነው?» አሏት። ተቀመጠች። ውጭ መኪናው ቆመ። ጠብ ጠብ አለ።

አርባ ቀን ሙሉ ማስተዋል ቀን ቀን ትቀማምሳለች፤ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ግን አፏን ትገጥማለች። ክንዷ ላይ የነበረችው ቀጭን የብር አምባር እስከ ክርኗ መውጣት ጀመረች። የጤና ኬላዋ ልጅ መዘነቻት፣ ደግማ መዘነቻት፣ ከዚያ «የውብዬ፣ ይቺ ልጅ እየሄደች ነው፤ የምትወደውን ፈልጊላት» አለቻት።

«የኔ ማር፣ ምን ላምጣልሽ?» አለቻት እናቷ። «እንቁላል? ወተት?»

«ጢጥ ይበል» አለች ማስተዋል። «ከዚያ እበላለሁ።»

የጎረቤቱ ባለባጃጅ አዘነላትና በሩ ድረስ መጥቶ ጥሩምባውን ነፋላት። ማስተዋል ጆሮዋን ሰጠች፤ ራሷን ነቀነቀች። «ይሄ ቀጭን ነው። የአባ ወፍራም ነው» አለች። ባለባጃጁ «በሕይወቴ ቀጭን ነህ ያለኝ ሰው አንቺ ብቻ ነሽ» አለና ሆዱን መታ አደረገ። ማንም አልሳቀለትም፤ ባጃጁን አዙሮ ሄደ።

አርባው ወጣ። በማግሥቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ የውብዳር የፒካፑን በር ከፈተች። የአንማው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ወንበሩ የእሱን ቁመት እንደያዘ ነው፤ እግሯ አልደረሰም። መሪው መሐል ያለውን ክላክስ ተጫነች። ምንም የለም። ደግማ ተጫነች። ምንም።

ዕቃ ይናገራል ወይ እንዳትሉኝ። ሐዘን ቤት ውስጥ ያለ ዕቃ ሁሉ ይናገራል፤ የሚሰማው ሰው ነው የሚጠፋው። «ክላክስ፣ ጩህላት እንጂ» አለችው። ክላክሱም «እኔማ ጉሮሮዬ ደህና ነው፤ ትንፋሼ ነው የጠፋው። ትንፋሼ ያለው ባትሪው ዘንድ ነው» አላት። ማስተዋል አልበላ አለች፣ ክላክሱ አልጮህ አለ።

ኮፈኑን አነሣች። ባትሪው ጥግ ይዞ ተቀምጧል፤ እንደ ታመመ ሰው ላቡ ላዩ ላይ ደርቋል። «ባትሪ፣ ነቃ በል፤ ክላክሱ ትንፋሽ አጣ» አለችው። ባትሪውም «እኔ ራሴ ባዶ ነኝ። አርባ ቀን ታስሬ ማን አየኝ? ስማቸው ዘንድ ውሰጂኝና ኃይል ልጠጣ» አላት። ስማቸው የሚባለው ባትሪ የሚሞላው የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ከተማው ሁሉ «ስማቸው ባትሪ» ነው የሚለው። ሱቁ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ማስተዋል አልበላ አለች፣ ክላክሱ አልጮህ አለ፣ ባትሪው አልነቃ አለ።

ባትሪውን ልታነሣው ሞከረች፤ ሽቦዎቹ ያዙት። እያንዳንዱ ሽቦ ጫፉ ላይ የባትሪውን ራስ የሚጨብጥ ብረት አለው፤ አንማው «ጨባጩ» ነበር የሚለው። ጨባጩ ላይ ነጭና አረንጓዴ ሻጋታ አብቦበታል፤ ቆሻሻ ነው፣ ግን ለዓይን አበባ ይመስላል። «ጨባጭ፣ ልቀቀው፤ ባትሪው ሊሄድ ነው» አለችው። ጨባጩም «ወድጄ መሰለሽ የያዝኩት? ወገቤን የጠፈረኝ ብሎን ነው። እሱን ለምኚ» አላት። ማስተዋል አልበላ አለች፣ ክላክሱ አልጮህ አለ፣ ባትሪው አልነቃ አለ፣ ጨባጩ አልለቅ አለ።

ብሎኑን በጣቷ ሞከረችው። በጥርሷ ልትሞክረው ሁሉ ጎንበስ አለች፤ ከዚያ አሲዱ ትዝ አላትና ቀና አለች። «ብሎን፣ ዙርልኝ» አለችው። ብሎኑም «በጣት የሚዞር ብሎን አይተሽ ታውቂያለሽ? እኔ የማውቀው አሥር ቁጥር መፍቻ ነው» አላት። ማስተዋል አልበላ አለች፣ ክላክሱ አልጮህ አለ፣ ባትሪው አልነቃ አለ፣ ጨባጩ አልለቅ አለ፣ ብሎኑ አልዞር አለ።

ነጠላዋን አደግድጋ ወደ ስማቸው ሱቅ ሄደች። ስማቸው ከአሮጌ ባትሪዎች መሐል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር። ሲያያት ተነሣ።

«እንዴት ዋላችሁ፣ የአንማው ቤት?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጋሽ ስማቸው። አሥር ቁጥር መፍቻ ያውሱኝ ብዬ ነው። ለባትሪው ነው።»

ስማቸው እጁን በጨርቅ ጠረገ። ደግሞ ጠረገ። «እንኪ ማለት ለእኔ ምን ገዶኝ? ስምንትም፣ አሥርም፣ አሥራ ሁለትም አለኝ። ግን የአንማውን ብሎን በእኔ መፍቻ? ነገ እዚህ መናኸሪያ ላይ ሹፌሩ ሁሉ ምን ይለኛል? የሱን ሣጥን ክፈቺ፤ በሱ መፍቻ ፍቺና አምጪልኝ። እስኪ ዋል እደር ብዬሽ እንደሆን እይኝ።»

«ልጂቱ አትበላም፣ ጋሽ ስማቸው።»

«ሰምቻለሁ» አለ፤ ዓይኑንም መሬት ላይ ጣለ። «ለዚያ ነው ፈጥነሽ ክፈቺው የምልሽ። አንማው እኮ ሥራ ሲጨርስ መፍቻውን በዘይት ጨርቅ አብሶ በቁጥሩ የሚደረድር ሰው ነው። እኔ የምወረውረውን አይቶ ‹ይሄ ሱቅ ነው ወይስ የተፈታ ቤት?› ይለኝ ነበር።» ሊስቅ ነበር፤ ተወው።

ወደ ቤቷ ተመለሰች። የአንማው የመሣሪያ ሣጥን አልጋ ሥር ነው። ተንበርክካ ጎተተችው። ነቅነቅ ስታደርገው ውስጡ ያሉት መፍቻዎች ቅጭል አሉ። «አሥር ቁጥር መፍቻ፣ ውጣልኝ» አለችው። መፍቻውም ከውስጥ «እኔማ ብወጣ ደስ ይለኛል፤ የብሎን ጣዕም ናፍቆኛል። ሣጥኑን በዪው» አላት። ሣጥኑን አለችው። ሣጥኑም «አፌ ላይ ያለውን ጋን ቁልፍ አታይም? መክፈቻውን በያት» አላት። ማስተዋል አልበላ አለች፣ ክላክሱ አልጮህ አለ፣ ባትሪው አልነቃ አለ፣ ጨባጩ አልለቅ አለ፣ ብሎኑ አልዞር አለ፣ መፍቻው አልወጣ አለ፣ ሣጥኑ አልከፈት አለ።

መክፈቻዋስ የት ናት? መክፈቻዋ ያለችው እማማ ይታይሽ አንገት ላይ ነው። አንማው ቆላ ሲወርድ «እምዬ፣ ይቺን ያዥልኝ፤ ስመጣ እቀበልሻለሁ» ብሎ ሰጥቷቸው ሄዷል። እሳቸውም ከማተባቸው ጋር አስረዋታል። ሲተኙ አትፈታም፤ ሲታጠቡ አትፈታም። የውብዳር በዓይኗ ለመነቻት። መክፈቻዋም «እኔ የአደራ ዕቃ ነኝ። የታሰርኩት በክር መሰለሽ? በአደራ ነው የታሰርኩት» አለቻት። ማስተዋል አልበላ አለች፣ ክላክሱ አልጮህ አለ፣ ባትሪው አልነቃ አለ፣ ጨባጩ አልለቅ አለ፣ ብሎኑ አልዞር አለ፣ መፍቻው አልወጣ አለ፣ ሣጥኑ አልከፈት አለ፣ መክፈቻዋ ካንገት አልወርድ አለች።

እማማ ይታይሽ ግቢው ውስጥ፣ ከግድግዳው ጥላ ሥር፣ በድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ጥቁር ለብሰዋል፣ ፀጉራቸውን ተላጭተዋል፣ ግን ፊታቸው ደረቅ ነው። ይህን ከተማው ሁሉ ያወራዋል። በመርዶው ቀን ሰው ደረቱን ሲመታ እሳቸው ቁጭ ብለው ሰው ሰውን ያዩ ነበር። በአርባውም እንደዚያው። አንዳንዶች «ልበ ደንዳና» አሏቸው። አንዳንዶቹም «ኧረ ተዉ፣ ደርቀው ነው» አሉ።

የውብዳር እግራቸው ሥር ቁጢጥ አለች። «እማማ፣ መክፈቻዋን ይስጡኝ። ለማስተዋል ነው። ክላክሱን አንዴ ትስማ።»

«አልሰጥም።»

«አርባው ወጥቷል እኮ፣ እማማ።»

«አርባ ለቀሳውስቱ ነው። ለእኔ ‹ስመጣ እቀበልሻለሁ› ነው ያለኝ። ‹ሚስቴ ትቀበልሻለች› አላለኝም። ይምጣና ይቀበለኝ።»

«እማማ...»

«አየሽው? ሬሳውን አየሽው? እኔ አላየሁትም። ያላየሁትን አላለቅስም። ያላለቀስኩለትን ሰው ዕቃ አልሰጥም። ሂጂ ወደ ሥራሽ፣ አንቺ ልጅ።»

የውብዳር አልተነሣችም። በልቧ እንባቸውን ለመነችው፦ «የእማማ ይታይሽ እንባ፣ ውረድላቸው።» እንባውም ከሩቅ፣ ከጥልቅ፣ እንደ ጉድጓድ ውሃ መለሰላት፦ «መንገዱን ያሳዩኝ እንጂ። አርባ ቀን ሙሉ ማን ጠራኝ?»

እንዲህ ሆነና ማስተዋል አልበላ አለች፣ ክላክሱ አልጮህ አለ፣ ባትሪው አልነቃ አለ፣ ጨባጩ አልለቅ አለ፣ ብሎኑ አልዞር አለ፣ መፍቻው አልወጣ አለ፣ ሣጥኑ አልከፈት አለ፣ መክፈቻዋ አልወርድ አለች፣ እማማ ይታይሽ አልሰጥ አሉ፣ እንባቸው አልፈስ አለ። ሰንሰለቱ እዚህ ላይ ቆመ። የሚለመን ሌላ ነገር አልነበረም።

ይሄኔ ማስተዋል ከመኪናው ጎን መጣች። በሁለት እጇ የያዘችው የአያቷን ትንሽ የፕላስቲክ ጀሪካን ነው፣ የጸበሉን።

«እምዬ፣ ዛሬ ቅዳሜ አይደለም? መኪናው ጠምቶታል። ዛሬ ረሳሽው?» አለች አያቷን።

የውብዳር ጀሪካኑን አየች። አማቷን አየች። እማማ ይታይሽ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

«ምን እያለች ነው፣ እማማ?»

መልሱን የሰጠችው ማስተዋል ናት። «እምዬ ቅዳሜ ቅዳሜ ለመኪናው ውሃ ታጠጣዋለች። በሳንቲም ክዳኖቹን ትከፍትለታለች። ስድስት አፍ አለው። ለሁሉም ታጠጣዋለች። ለማንም አትንገሪ ብላኛለች፤ ላንቺ ብቻ ነው የነገርኩሽ።»

«አትንኪው» ያሏት እሳቸው ነበሩ። ቀሚሷን የያዟት እሳቸው ነበሩ። የውብዳር ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ፤ አንድ ክፉ ቃል ምላሷ ጫፍ ደረሰ። ያኔ አሮጊቷ ወደ ግድግዳው እንደዞሩ መናገር ጀመሩ።

«ሲያጠጣው አየው ነበር። ‹እምዬ፣ ይሄ እኮ እንደ በሬ ውሃ ይጠጣል፤ ካላጠጡት ይሞታል› ይለኝ ነበር። የምን ውሃ እንደሚያጠጣው አላውቅም። ንጹሕ ነው ሲል ሰምቻለሁ። እኔ ያለኝ ንጹሕ ውሃ ደግሞ የጸበሉ ነው። ሲመጣ... ሲመጣ ሞቶ እንዳይጠብቀው ብዬ ነው። ‹እናቴ እያለች እንዴት ሞተ› እንዳይል...»

ማስተዋል ጀሪካኑን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ቀጭን እጇንም በጉንጫቸው ላይ አደረገች፤ አምባሯ ተንሸራትታ ክርኗ ላይ ቆመች። እማማ ይታይሽ አምባሯን አዩ። ክንዷን አዩ።

«እኔም አልበላም» አለቻቸው ማስተዋል፣ ምሥጢር እንደሚያካፍል ሰው። «አባ እስኪመጣ።»

«አይመጣም እኮ፣ ልጄ» አሉ አሮጊቷ። የራሳቸውን ቃል በራሳቸው ጆሮ ሰሙት። «አይመጣም እኮ።»

እንባቸው ፈሰሰ። እንባቸው ቢፈስ አንገታቸው ጎነበሰ። አንገታቸው ቢጎነብስ መክፈቻዋ ከጡታቸው ላይ ተንጠለጠለች። «ፍቺው፤ እጄ እምቢ አለኝ» አሏት፤ የውብዳር ከማተቡ ፈታቻት። መክፈቻዋ ብትፈታ ሣጥኑ ተከፈተ። ሣጥኑ ቢከፈት መፍቻው ወጣ፤ በቁጥሩ ተደርድሮ፣ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ አንማው እጁን ከላዩ ያነሣው ያለፈው ሳምንት ይመስል። መፍቻው ቢወጣ ብሎኑ ዞረ። መጀመሪያ ጥቁሩ፣ ከዚያ ቀዩ። ሲፈታ ጥቁሩ ይቀድማል። ብሎኑ ቢዞር ጨባጩ ለቀቀ። የፈላ ውሃ ስታፈስበት ያ ነጭና አረንጓዴ አበባ ፊሽሽ ብሎ ታጠበ፤ ከሥሩ ብረቱ ወጣ።

የቀረው ባትሪው ነው። ባትሪ አይታቀፍም፤ አሲዱ ልብስ ይበላል። በማዳበሪያ ጠቅልላ በሰው የእጅ ጋሪ ገፋችው።

ስማቸው ስድስቱን ክዳን ከፈተ። አንዱን አየ፤ ሁለተኛውን አየ። እስከ አፉ ጢም ብሏል። መለኪያውን አጥልቆ አወጣና ወደ ብርሃን አነሣው። ፊቱ ጠቆረ።

«ይሄን የምንጭ ውሃ ያጠጣው ማነው?»

የውብዳር አንገቷን ደፋች። «እኔ ነኝ።»

«አንቺ! የአንማው ሚስት! ባትሪ የሚጠጣው የተጣራ ውሃ ነው፤ የምንጭ ውሃ ጨው አለው፣ አፈር አለው፣ ሆዱን ያቃጥለዋል። ይሄን እኮ እሱ ሕፃን ልጅ ቢጠይቀው ተቀምጦ ያስረዳ ነበር። አንቺን አላስተማረሽም?»

«አስተምሮኝ ነበር፣ ጋሽ ስማቸው። ረሳሁት።»

ሌላ ነገር አልተናገረችም። እማማ ይታይሽም ይህን እስከ ዛሬ አልሰሙም።

ስማቸው ቁጣው በረደለት። «ሁለቱ ጉድጓድ ተጎድቷል» አለ። «ሌሎቹ ይሞላሉ። ነገ ማታ ውሰጂው። ሞተር ግን አያስነሣልሽም፣ የውብዳር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ሞተር አያስነሣም።»

«ክላክስስ?»

«ለክላክስ?» ራሱን አከከ። «ለክላክስ ይበቃ ይሆናል። አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ወዲያ ተስፋ አልሰጥሽም።»

«አንዴ ይበቃናል» አለች።

በማግሥቱ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ባትሪው ቦታው ላይ ተቀመጠ። የባትሪውን ሁለት ራሶች በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገች፤ የጨባጮቹን ውስጥም ፈገፈገች። ቀዩን አሰረች። ጥቁሩን አስከትላ አሰረች። እንዳይላላ በመፍቻው ጠበቅ አደረገችው፤ ብዙም ሳታጠብቀው፣ ልክ እሱ «እንደ ሕፃን መቀነት» ይል እንደነበረው። ማስተዋል ከቤቱ ደጃፍ ቆማለች፤ ከጎኗ እማማ ይታይሽ ተቀምጠዋል፣ ዓይናቸው አብጧል። አንገታቸው ላይ ማተባቸው ብቻ ነው።

የውብዳር የባሏ ወንበር ላይ ወጣች። ክላክሱን ተጫነች።

ጢጥ፣ ጢጥ።

እንደ ዱሮው ወፍራም አልነበረም፤ ጥቂት ሰልሏል። ግን የራሱ ነው። ማስተዋል አወቀችው። ፊቷ በራ። ከዚያም ማንም ያላሰበውን አደረገች፤ ወደ መኪናው አልሮጠችም። ወደ በሩ ሮጠች።

መወርወሪያውን አነሣች። በሩ ላይ ተንጠልጥላ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። በሩ ጥግ ቆማ ጠበቀች፣ መኪና ለማሳለፍ እንደምትቆመው፣ ጀርባዋን ከቆርቆሮው አስጠግታ፣ እግሮቿን ገጥማ።

መንገዱ ባዶ ነው። አንዲት ሴት ሣር ተሸክማ አለፈች። አንድ ውሻ አለፈ። አቧራው ተነሣና ተኛ።

እማማ ይታይሽ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ጎሰጎሱ። የውብዳር መሪውን እንደያዘች ቀረች። ልጂቱን ልትጠራት ፈለገች፤ ምን ብላ እንደምትጠራት አጣች።

ማስተዋል ወጣ ብላ መንገዱን ወደ ላይ አየች። ወደ ታች አየች። ቆየች። ከዚያም በሩን በትከሻዋ ገፋችው፤ ቀስ እያለች፣ በሁለት እጇ። መወርወሪያውን ጣለች። ወደ እናቷ መጣች።

«የለም» አለች።

«የለም፣ የኔ እናት» አለች የውብዳር። አርባ ሁለት ቀን ሙሉ ይህን ቃል ለልጇ ተናግራው አታውቅም ነበር። ለራሷም።

ማስተዋል ጥቂት አሰበች። «በሩን ዘግቼዋለሁ» አለች። ሁለት እጇንም ዘረጋች። «አስታጥቡኝ።»

ያስታጠቧት እማማ ይታይሽ ናቸው። ያጎረሷትም እሳቸው ናቸው። እንባው ስለ ፈሰሰ መክፈቻዋ ተፈታች፣ መክፈቻዋ ስለ ተፈታች ሣጥኑ ተከፈተ፣ ሣጥኑ ስለ ተከፈተ መፍቻው ወጣ፣ መፍቻው ስለ ወጣ ብሎኑ ዞረ፣ ብሎኑ ስለ ዞረ ጨባጩ ለቀቀ፣ ጨባጩ ስለ ለቀቀ ባትሪው ነቃ፣ ባትሪው ስለ ነቃ ክላክሱ ጮኸ፣ ክላክሱ ስለ ጮኸ ማስተዋል በላች። አንድ ጉርሻ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ። በሦስተኛው ላይ አያቷን «አንቺም ብዪ» አለቻቸው። ማንም የናፈቀው አልመጣም፤ ግን በሉ።

የውብዳር ሲበሉ አየቻቸውና ቀስ ብላ ወጣች። ጀንበር ገና አልጠለቀችም። የማስተዋልን የፀጉር ቫዝሊን ከመስኮቱ ላይ አነሣች፤ መፍቻውን ከኪሷ አወጣች። ኮፈኑን ከፍታ የባትሪውን ሁለት ራሶች እንዳይሻግቱ ቫዝሊን ቀባቻቸው። ከዚያ አሥር ቁጥሩን ብሎኑ ላይ አገባችና ወደ ግራ አዞረችው፤ ጥቁሩን ሽቦ ፈታችለት።